ለእህቷ የለቀቀችው ቦታ

በስፌት ፋብሪካው ውስጥ በስሟ የሚጠራት አልነበረም፤ መርፌ ነበር የሚሏት። ቀጭን ስለሆነች ብቻ አይደለም፣ ምላሷም ወጋ ወጋ ስለሚያደርግ ነው። ቀልድ አያልቅባትም፤ እሷ ባለችበት መስመር ሳቅ አይጠፋም ነበር።

እናታቸው ስትሞት መርፌ ትምህርቷን አቋርጣ ፋብሪካ ገባች፤ ታናሿ ግን ከትምህርት ገበታ እንዳትነሳ ማለች። ታናሿም አላሳፈረቻትም፤ ከክፍሏ አንደኛ ወጥታ በዲግሪ ተመረቀች። ያን ቀን መርፌ እህቴ ማለት ጠፍቷት "ልጄ! ልጄ!" እያለች ጎረቤቱን አስቸገረች።

ከዚያ በኋላ ግን ሥራ ጠፋ። ታናሿ በሄደችበት ሁሉ ውጤቷን አይተው ያደንቁና "የሥራ ልምድሽስ?" ይሏታል።

"ሳይቀጥሩኝ ልምዱን ከየት ላምጣው፣ እትዬ?" እያለች ትመለሳለች። ውሎ አድሮ መውጣቱንም ተወችው፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታ ትውላለች።

በዚህ መሀል የመርፌ አለቃ ጡረታ ወጡ። የመስመሩን ኃላፊነት በተጠባባቂነት የያዘችው መርፌ ናት። ወራት ሲያልፉ ቦታው የእሷ እንደሆነ ሰው ሁሉ አመነ፤ እሷም በሆዷ። አንድ ከሰዓት ሥራ አስኪያጁ ቢሮው አስጠራት።

"ሥራሽ እንከን የለውም" አላት፣ ቀና ብሎ ሳያያት። "ግን አዲሱ መመሪያ ዲግሪ ይላል። ልምድ ባይኖርም ዲግሪ። እኔ ምን ላድርግ?"

መርፌ ከወንበሯ ተነሳች። በሩን ከፍታ ልትወጣ ስትል ዞር አለች።

"እህት አለችኝ" አለች።

ቤት ገብታ ለታናሿ የነገረቻት ግማሹን ብቻ ነው። "ፋብሪካችን የተማረ ሰው ይፈልጋል። ተነሽ፣ ፀጉርሽን ልሥራሽ።" ልጅቷ ከአልጋዋ ዘላ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

ተቀጠረች። ሥራ በጀመረችበት ዕለት፣ ገና ረፋዱ ላይ፣ አንዷ ልብስ ሰፊ "የእህትሽን ቦታ ነው የያዝሽው፤ ታውቂያለሽ?" አለቻት። ታናሿ ክው አለች። እህቷን ፍለጋ ስትሄድ የድሮ ማሽኗ ላይ ተቀምጣ እጅጌ ስትገጥም አገኘቻት።

"እትዬ፣ እውነት ነው? ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርሽ ትገቢ ነበር?"

"ዛሬውኑ እለቃለሁ!"

"ብትለቂስ ለእኔ መች ይሰጡኛል?" መርፌ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ሰው እያየን ነው፤ ሂጂ። ደግሞ እዚህ እትዬ አትበይኝ።"

ታናሿ አልለቀቀችም። ግን ከዚያ ወዲያ እህቷን ደፍራ ማየት ተሳናት። መርፌም ቀልዷን ተወች፤ ብትስቅ በአለቃዋ የምታሾፍ ይመስልባታል። ቤትም ቢሆን አንዷ ስለ ሥራ ማንሳት እየፈራች፣ ሌላዋ መጠየቅ እየከበዳት፣ እራታቸውን አቀርቅረው ይበላሉ። በመጨረሻ ታናሿ "ለብቻዬ መኖር ልልመድ" ብላ ክፍል ተከራየች።

መርፌ ዕቃዋን ራሷ አሰረችላት፤ ደህናውን ብርድ ልብስ ጨመረችላት። "መንገዱን እንዳትረሺው" ብላ ልትቀልድ ሞከረች።

በማግስቱ ማሽኗ ላይ እያለች ዕንባዋ በምትሰፋው ጨርቅ ላይ ጠብ አለ። ታናሿ ከመስመሩ ጫፍ አየቻት። ወደ እሷ ጥቂት መጣ አለችና ቆመች። ሰዉን ቃኘች። ከዚያ ዞራ ወደ ቢሮዋ ገባች።