በምሥራቅ የሚያዋስነኝ ሰው

ስዊድን ገጠር ውስጥ ቤት ሠርቼ ጥቂት በጎች የማረባበት መሬት ገዛሁ ብዬ ስደውል፣ ሰቆጣ አቅራቢያ ፃግብጂ ያሉት አያቴ ስፋቱንም ዋጋውንም አልጠየቁኝም።

"በምሥራቅ ማን ያዋስንሃል?" አሉኝ።

የራሳቸውን ማሳ እንኳ የአዋሳኞቹን ስም ሳይጠሩ አያነሱትም ነበር። እኔ ደግሞ በዚያ በኩል ከጫካ በቀር ያየሁት የለም። ይህን መናገር አሳፈረኝና፣ "ኤሪክ የሚባል ሰውዬ ነው፣ አባባ" አልኳቸው።

ከዚያ ወዲህ በደወልኩ ቁጥር "ኤሪክ ደህና ነው?" ይላሉ። እኔም ላሙ ወለደችለት፣ ወገቡን አሞት ነበር፣ አሁን ተሻለው እያልኩ ስንት ዓመት ዋሸኋቸው።

"ተመስገን፣ ሰው አለህ" ይሉኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት አክስቴ ከሰቆጣ ደወለች።

"የኤሪክን ስልክ ስጠኝ። ልጄ በእንግሊዝኛ ታናግረዋለች።"

"ለምን ፈለግሽው?"

"አባባ ያዘዙት ነው። ጎረቤቱ አጠገቡ ሳይኖር እንዳትነግሩት ብለው ነበር" አለችኝ።

በመስኮቱ ጫካው ይታየኛል። ዛሬ ደርሼ እውነቱን ብነግራት ለማን ይጠቅማል?

"እዚሁ አጠገቤ ተቀምጧል" አልኳት። "ንገሪኝ።"