ነፋስ የሚያጠፋው ቴሌቪዥን

ሎግያ ውስጥ፣ የጭነት መኪኖች ከሚያድሩበት ሜዳ ጀርባ ባለች አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ፣ አልጋው ላይ ገና ጋደም እንዳልኩ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣበቀ፤ በመስኮቱም የናፍጣና የጨዋማ አፈር ሽታ ገባ። እጄም ሳላስበው ሪሞቱን አነሳ። ሥራዬ የሳተላይት ዲሽ መትከል ነው። ማንም አላስተማረኝም፤ ከአሮጌ መጻሕፍትና ከተበላሹ ሪሲቨሮች ነው የለመድኩት። ቀኑን ሙሉ ለሰው ጣቢያ ስፈልግ ውዬ፣ ሲመሽ ደግሞ ለራሴ እፈልጋለሁ። የምፈልገው ዜናም ኳስም አይደለም፤ የዓረብ ጣቢያዎች ክፍት ሰዓት ሲተርፋቸው የሚደግሟቸውን የድሮ የጥያቄና መልስ ውድድሮች ነው። አዲስ አበባ ቤቴ ሆኜ አንድም ቀን ፈልጌያቸው አላውቅም። ከቤት ርቄ ወደ ቆላ ስወርድና ላቡ አንገቴ ሥር መንቆርቆር ሲጀምር ብቻ ነው ይህ አመሌ የሚነሳው። ላቡ ልጅነቴን ይዞብኝ ይመጣል፤ ልጅነቴ ደግሞ አሰብ ነው።

አባቴ ወደ ኢትዮጵያ የሚገባውን ጭነት የሚከታተል የወደብ ጸሐፊ ነበር። የምንኖረው ከእትዬ ከዲጃ ጋር በምንጋራው ግቢ ውስጥ ሲሆን፣ እሳቸው የአገሩ ተወላጅና በከተማው ትምህርት ቤት የዓረብኛ አስተማሪ ነበሩ። ደጋው በዝናብ በሚርስበት ወራት አሰብ ትጠበሳለች። ያን ሰሞን ቤት ውስጥ የሚተኛ ሰው የለም፤ አልጋ ሁሉ ወደ ግቢ ይወጣል፣ ቴሌቪዥናችንም አብሮን ወጥቶ በባዶ በርሜል ላይ ይቀመጣል። አንቴናው በረጅም የብረት ቱቦ ጫፍ ላይ የታሰረ ነበር፤ አባቴ ቱቦውን እንደ ዘመድ አቅፎ ቀስ እያለ ሲያዞረው ከባሕሩ ማዶ የየመን ጣቢያ ይገባልናል።

የሚገባው ግን ነፋስ ከሌለ ብቻ ነው። አየሩ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ እርጥበቱ ደረታችን ላይ ተጭኖ፣ ውሻው ሳይቀር ምላሱን አውጥቶ ሲያለከልክ፣ ሥዕሉ ጥርት ይልና የአቅራቢው ከረባት መስመሩ እንኳ ይለያል። ነፋስ ሽው ያለ እንደሆነ ሰውነታችን እፎይ ይላል፣ ሥዕሉም ይጠፋል። ዛሬ ምክንያቱን አውቀዋለሁ፦ ሞቃቱ አየር በባሕሩ እርጥብ አየር ላይ ሲነጠፍ፣ ሞገዱ ወደ ሰማይ እንዳያመልጥ እንደ ድስት ክዳን ይገጥምበታል፤ ነፋስ ሁለቱን ሲያማታቸው ክዳኑ ይከፈታል። ያን ጊዜ ግን የምናውቀው ከቅዝቃዜና ከቴሌቪዥን አንዱን መምረጥ ግድ መሆኑን ብቻ ነበር፤ ምርጫውም በእኛ እጅ አልነበረም።

ከሁሉም የምንወደው ሳምንታዊውን የጥያቄና መልስ ውድድር ነበር። እትዬ ከዲጃ ጥያቄውን በአማርኛ ይተረጉሙልናል፤ መልሱን ግን እያንዳንዳችን ግምታችንን ሳንናገር በፍጹም አይነግሩንም። አዲስ አበባና አሰብ የሚመላለሱት የከባድ መኪና ሹፌር ጋሽ ተፈራ፣ ጭነት እስኪሞላላቸው በግቢያችን በኪራይ ክፍል ያርፉ ነበር፤ በግምት የሚያህላቸው አልነበረም። አንድ ጊዜ አቅራቢው በዓለም ላይ እጅግ ሞቃት የሆነው ስፍራ የቱ እንደሆነ ሲጠይቅ፣ ጋሽ ተፈራ ከአልጋቸው ብድግ ብለው "ያለንበት ነዋ! ሽልማቱን በጀልባ ላኩልን!" ብለው ጮኹ። ሥዕሉ ጠፍቶ ስክሪኑን ነጫጭ ነጥብ ሲሞላው ደግሞ፣ "አሰብ ላይ ዝናብ የሚዘንበው ቴሌቪዥን ላይ ብቻ ነው" ይሉ ነበር።

የድንበሩ ጦርነት ከመምጣቱ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ከየመን ወደብ ከሞካ በጀልባ ዕቃ የሚያመላልስ አንድ ባሕረኛ ለእትዬ ከዲጃ ወሬ ይዞ መጣ። ወንድማቸው ሳልህ ለውድድሩ ተመርጦ ተቀርጿል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ይታያል አላቸው። ሳልህን እናታቸው ከሞቱ በኋላ ያሳደጉት እሳቸው ነበሩ። ገና ድምፁ ሳይጎረንን ከአጎቱ ጋር ባሕሩን ተሻግሮ ከሄደ ወዲህ ግን አላዩትም፤ ካደገ በኋላ የተነሣው ፎቶ እንኳ አልነበራቸውም። ያን ሳምንት ሙሉ እትዬ ከዲጃ ሌላ ወሬ አልነበራቸውም። "ጢም አብቅሎ ይሆን?" ይላሉ ለእናቴ፤ ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ "ቁመቱ ወደ አባታችን ከሄደ በሩ አያስገባውም።"

ቀኑ ሲደርስ አየሩ ከጠዋቱ ጀምሮ ቆመ። ጋሽ ተፈራ ሸሚዛቸውን አውልቀው ተቀምጠው፣ "አንቺ ሴት፣ በዚህ ሙቀት ነፋስ አይምጣ ብሎ የሚጸልይ ሰው ካንቺ በቀር አላየሁም!" አሏቸው። እትዬ ከዲጃም፣ "አንተም ጸልይ፤ ካልጸለይክ መልስ አልተረጉምልህም" ብለው መለሱላቸው።

የማይስቅ አንድ ሰው ነበር፤ እናቴ። ያን ሰሞን የተወለደችው እህቴ ከሙቀቱ የተነሣ አንገቷና ደረቷ ሽፍታ ወርሶት፣ ከማለዳ ጀምራ ስታለቅስ ድምፅዋ ተዘግቶ ነበር። ቬንትሌተራችን ተቃጥሏል። እናቴ በካርቶን ቁራጭ ስታራግባት ክንዷ እየዛለ፣ አንዴ ወደ ሰማይ አንዴ ወደ እትዬ ከዲጃ ታያለች። ነፋስ መመኘቷን ሁላችንም እናውቃለን፤ እሷ ግን አልተናገረችውም። እትዬ ከዲጃም ያወቁ ይመስለኛል። ውሃ የነካ ጨርቅ ይዘው መጥተው ልጅቷን ከእናቴ ተቀበሏት፤ ውድድሩ ሲጀመርም በጉልበታቸው ላይ አስተኝተው፣ በአንድ እጃቸው ጨርቁን እያገላበጡ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ ተቀመጡ። ያን ምሽት ማንም መልስ አልገመተም፤ እሳቸውም መተርጎሙን ረስተውት ነበር።

አቅራቢው የሳልህን ስም ጠራ። እትዬ ከዲጃ ልጅቷን እንደታቀፉ ተነሥተው ወደ በርሜሉ ቀረቡ። አንድ ቀጭን ጎረምሳ ከመጋረጃው ጀርባ ወጥቶ ወደ ማይክሮፎኑ መራመድ ሲጀምር፣ መጀመሪያ ገመድ ላይ ተሰጥተው የነበሩት ልብሶች ተንቀሳቀሱ፤ ከዚያ ነፋሱ አንገታችንን ዳሰሰ፤ ግቢው ሁሉ ሳይፈልግ እፎይ አለ። ጎረምሳው ቀና ሳይል ስክሪኑ ነጭ ሆነ።

አባቴ ሮጦ ቱቦውን አቀፈ። "መጣ? አሁንስ? አሁን መጣ?" እያለ ይጮኻል፤ ጋሽ ተፈራ "ወደ ግራ! ኧረ ግራ!" እያሉ ያዝዙታል። እትዬ ከዲጃ ግን ከነጩ ስክሪን ፊት ትንሽ እንደቆሙ ወደ እቅፋቸው አዩ። ከዚያ ወደ አባቴ ዞረው፣ እንደ ልማዳቸው በእኔ ስም ጠርተው፣ "የዮናስ አባት፣ ተወው በቃ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ "አትጩኹ፤ ልጅቷ ተኝታለች።" እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

ጣቢያው ያለፉትን ውድድሮች በየዓርቡ ከሰዓት እያፈራረቀ እንደሚደግም ሰማን፤ በቀን ደግሞ የባሕሩ ነፋስ የሚቀረው ከስንት አንዴ ነው። ቢሆንም እትዬ ከዲጃ ዓርብ ዓርብ ንጹሕ ልብሳቸውን ለብሰው ይመጡ ነበር፤ እናቴም ልጅቷን አዝላ ከጎናቸው ትቀመጥና፣ "ነፋሱ ዛሬ እንኳ ይቅርብን" ትላለች ጮክ ብላ። ጋሽ ተፈራ በጠራራ ፀሐይ ቱቦውን ይዘው ቆመው፣ "ስንቱን ጭነት ከአሰብ አዲስ አበባ የማደርስ ሰውዬ፣ ያንቺን ወንድም ከሞካ ማምጣት ያቅተኝ?" ሲሉ እትዬ ከዲጃ ይስቃሉ። አንዳንዴ ድምፅ ብቻ ይመጣል፤ አንዳንዴ የሰው ትከሻ የመሰለ ጥላ ያልፍና ሁላችንም ፊታቸውን እናያለን። እሳቸውም እሱ አይደለም ለማለት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

ጦርነቱ ሲመጣ በአንድ ጠዋት ሻንጣና ፍራሽ ብቻ ይዘን ወጣን። ቴሌቪዥኑን ከነቱቦው ለእትዬ ከዲጃ ተውንላቸው። እናቴን አንገቷን አቅፈው፣ "ጣቢያው መድገሙን አይተውም፤ ሳየው መጀመሪያ የምነግረው ላንቺ ነው" አሏት። ከዚያ ወዲያ ስልኩ ተቆረጠ፣ መንገዱ ተዘጋ። ጋሽ ተፈራ በሌላ መንገድ ወደ ጅቡቲ መንዳት ጀመሩ፤ እህቴ አድጋ ይህን ታሪክ ስንነግራት የሌላ ሰው ልጅ ታሪክ ይመስላታል። እናቴ ግን የማታውቀው ሰው በራችንን ባንኳኳ ቁጥር፣ ወሬ የመጣላት እየመሰላት፣ ለረጅም ጊዜ ቀድማ ትነሣ ነበር። እትዬ ከዲጃ ወንድማቸውን ይዩት አይዩት፣ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አናውቅም። ከተጋደምኩበት አልጋ እስከዚያ ግቢ በመኪና ግማሽ ቀን አይሞላም፤ የሚሄድ መኪና ግን የለም።

ዛሬ ማታ አንድ ድጋሚ አገኘሁ። ቀለሙ የወየበ ነው፤ አቅራቢው ሰፊ ከረባት አስሯል፤ ሥዕሉ ግን ምንም አይጎድለውም፣ ከሳተላይት ስለሚመጣ ነፋስ አያጠፋውም። በእነዚህ ዓመታት ዓረብኛውንም በራሴ ተምሬዋለሁ፤ አስተርጓሚ አያስፈልገኝም። ሳልህ የሚባል ተወዳዳሪ ከዚህ በፊትም ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ስሙ እዚያ አገር እንደ አሸዋ ነው። እትዬ ከዲጃ እዚህ ቢኖሩ ገና ብቅ ከማለቱ "እሱ አይደለም" ብለው ወደ ጨዋታቸው ይመለሱ ነበር። እኔ ግን ፊቱን አላውቀውም፤ እሱ አይደለም ለማለት እንኳ አልችልም። ስለዚህ ቀጭን ጎረምሳ ወደ ማይክሮፎኑ በመጣ ቁጥር ድምፁን ከፍ አድርጌ፣ ተሸንፎ እስኪወርድ ድረስ አየዋለሁ።