ከእንኳን አደረሳችሁ ሥር የቀረ ጥያቄ

ለጀማሪ ፕሮግራመሮች የተቋቋመውን የኢሜይል ቡድን የምናስተዳድረው ሁለት ነን፤ እኔና ባምቢስ አካባቢ የሚሠራ አንድ የሙያ ጓደኛዬ። ጠዋት ካዛንቺስ ቢሮዬ ገብቼ ሥራ ከመጀመሬ በፊት የመጡትን መልእክቶች አያለሁ። ርዕስ ለሌለው ርዕስ እሰጠዋለሁ፤ ሁለት ጥያቄ አንድ ላይ የጨፈለቀውን እለያየዋለሁ፤ ከዚያ ለአባላቱ እለቀዋለሁ። ማንም አላስገደደኝም፣ ደስ ይለኛል። ያናደደኝ ሥራው አይደለም።

የእኛ ሰው እንዴት እንደሚጠይቅ የማያውቅ ይህን ሥራ ባይነካው ይሻላል። ጀማሪ፣ በተለይ ዕድሜው ገፋ ያለ ጀማሪ፣ ብድግ ብሎ ለማያውቀው ሕዝብ አዲስ መልእክት አይጽፍም። ድፍረት ይመስለዋል። በዓል ይጠብቃል። አንዱ «እንኳን አደረሳችሁ» ብሎ ሲልክ ከሥሩ ገብቶ «እንኳን አብሮ አደረሰን» ይላል፣ ጤና ይጠይቃል፣ ለአገር ሰላም ይመኛል፣ መጨረሻ ላይ «ካላስቸገርኩ» ብሎ ጥያቄውን ጣል ያደርጋል። እኔ እነዚህን ጥያቄዎች ከሰላምታው ውስጥ እያወጣሁ የየራሳቸውን ርዕስ እሰጣቸው ነበር።

ጓደኛዬ ግን ሥርዓት ይወዳል። ሥርዓት ሲል ደግሞ ሰው የሌለበትን ሥርዓት ማለቱ ነው። ከአዲስ ዓመት በፊት፣ እኔን ሳያማክር፣ ለበዓል ሰላምታ የሚላክ መልስ ሁሉ በርዕሱ እየተለየ፣ ለማንም ሳይደርስ በቀጥታ አንድ ፎልደር ውስጥ እንዲገባ አድርጎ ኖሯል። ዘንድሮ ሰዉ ዝም ማለቱ ገርሞኝ ነበር። ፎልደሩን ያገኘሁት ከመስቀል በኋላ፣ አንድ የጠፋ መልእክት ስፈልግ ነው። ስከፍተው ደሜ ፈላ። ሰው ሰላም ስላለ ይቀጣል?

ከሁሉም አንጀቴን የበሉት ቂርቆስ ውስጥ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት የሚሠሩ እናት ናቸው። በአዲስ ዓመት ጽፈዋል። በመውሊድ ለሙስሊም ወንድምና እህቶቻቸው መልካም በዓል ተመኝተው ያንኑ ጥያቄ ደግመዋል። በመስቀልም እንደገና። የሠሩት ትንሽ ፕሮግራም የሰው ስም በእንግሊዝኛ ሲጻፍለት ይቀበላል፤ በአማርኛ ሲጻፍለት ግን በፊደሉ ፈንታ የጥያቄ ምልክት ይደረድራል። ምን ይሻለኛል ነው የሚሉት። መሥሪያ ቤታቸው አዲስ የኮምፒውተር ክፍል ከፍቶ ሠራተኞቹን ሊፈትን ነው፤ ያለፈ ወደዚያ ይዛወራል። «እኔም ከአቧራው ብወጣ ብዬ ነው» ይላሉ። በመጨረሻው መልእክት ስልካቸውን ጽፈው፣ ስላስቸገሩን ይቅርታ ጠይቀዋል።

በምሳ ሰዓት ጓደኛዬን ካዛንቺስ ውስጥ ከፈረሳው ወደተረፈች አንዲት ካፌ ጠራሁትና ላፕቶፔን ፊቱ ከፍቼ አስቀመጥኩለት። አነበበ። ማኪያቶውን እያማሰለ፣

«ማለቴ፣ ሰብጀክቱን አስተካክለው ቢልኩ ኖሮ ይደርስ ነበራ» አለኝ። «ሩል አለ፣ በቃ። ጆይን ሲያደርጉ ይላክላቸዋል።»

«በእንግሊዝኛ የጻፍከውን ሩል ነው? እናትህ ቤት እንግዳ ሲመጣ ሰላም ስላለ በር ትዘጋበታለህ?»

«አሁን ምን አድርግ ነው የምትዪኝ? ሪፕላይ አድርጊላቸውና ይለቅ።»

ይለቅ! ሴትዮዋ በዓል እየጠበቁ ደጅ ሲጠኑ ከርመው፣ ለሱ ነገሩ የሚያልቀው በአንድ ሪፕላይ ነው። ስልኬን አነሳሁና እዚያው ፊት ለፊቱ ደወልኩላቸው። እንዲሰማ ብዬ ላውድ ስፒከር ላይ አደረግኩት።

ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው ዘመድ የደወለላቸው ያህል ደስ አላቸው። ጤናዬን ጠየቁኝ፣ ሥራዬን ጠየቁኝ። ጥያቄያቸውን ገና ዛሬ እንዳየሁት ነግሬ፣ ፈተናው መቼ እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ውይ ልጄ፣ አለፈ እኮ። የሠራተኛ ስም መዝግቡ አሉን። የኔ ያው የጥያቄ ምልክት ብቻ ሆነ። ይኸው እዚያው መዝገብ ቤት ነኝ፣ ተመስገን ነው። እናንተን አልተቀየምኩም። ጥያቄዬ የማይረባ ሆኖባችሁ፣ እንዳታሳፍሩኝ ብላችሁ ዝም ያላችሁ መስሎኝ ነበር።»

ጓደኛዬ ማማሰሉን አቆመ።

«ለመሆኑ መልሱ ምን ነበር?» አሉኝ።

ፕሮግራሙ ፋይሉን ሲከፍት ዩኒኮድን፣ የአማርኛ ፊደል የሚያውቀውን አሠራር፣ እንዲጠቀም የምታዝ አንዲት ቃል እንደጎደለች ነገርኳቸው። ቃሏንም፣ የምትገባበትንም ቦታ አስረዳኋቸው። ወረቀት ላይ ሲጽፉ ይሰማኛል። ጽፈው ሲጨርሱ መልሰው አነበቡልኝ።

«ይቺው ናት?»

«ይቺው ናት» አልኳቸው።