የሮቦቱ ቁልፍና የእኔ ፓስፖርት

ከቡራዩ የወጣሁት ማክሰኞ ምሽት ነው። ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ ጭቃው ግን እንዳለ ነው። አዲሱን ጫማዬን በፌስታል ይዤ፣ የአባቴን ቦት ጫማ አድርጌ እስከ አምቦ መንገድ አስፋልት ድረስ ሄድኩ። አስፋልቱ ዳር ቁጭ ብዬ ጫማ ቀየርኩ፤ አባቴም ቦቱን በብብቱ ይዞ "በቃ፣ ሂጂ" አለኝ። እኛ ቤት የሚወራው ስለ ከብትና ስለ ዝናብ ነው እንጂ ለመለያየት የሚሆን ንግግር አናውቅም። ዓረብ አገር ሥራ ያገኘልኝ ደላላ ግን ሚኒባስ ውስጥ ምክር አላነሰውም። "ዝም ካልሽ ይወዱሻል" አለኝ። እኔ እንደሆነ ስድስተኛ ክፍል እስክደርስ አስተማሪዎቼ ድምፄን የሰሙት ስም ሲጠራ "አቤት" ስል ብቻ ነው።

ዮርዳኖስ፣ አማን አየር ማረፊያ ዝምታዬ የመጀመሪያ ሥራውን ሠራ። መስኮቱ ውስጥ ያለው መኮንን በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ፤ አልገባኝምና አንገቴን ነቀነቅኩ። ሌላም ጠየቀኝ፤ ነቀነቅኩ። ምን እንደተባባሉ አረብኛ ከለመድኩ በኋላ አሠሪዬ እየሳቀ ነገረኝ።

"ለሥራ ነው ስላት እሺ፣ ለጉብኝት ነው ስላት እሺ ትላለች" አለ አሉ መኮንኑ።

"ጥሩ ሠራተኛ ናት ማለት ነው" አለው መክተብ ከሚሉት ከሠራተኛ አገናኙ ቢሮ ሊቀበለኝ የመጣው ሰውዬ።

ፓስፖርቴ ከመኮንኑ ወደ ሰውዬው፣ ከሰውዬው ወደ አሠሪዬ አለፈ። ያልደረሰኝ እኔ ብቻ ነኝ።

አማንን ማየት የምትፈልጉ ሱሉልታን አስቡ፤ ከዚያ ሣሩን በሙሉ ላጩና ኮረብታውን ነጭ ድንጋይ አልብሱት። ጭቃ የለም፤ ስለዚህ እግሬን ከመታጠብ አረፍኩ፤ ግን ዝናብ ሲያምረኝ ሰነበተ። ወይራ እኛ ቤት የወተት ዕቃ ይታጠንበታል፤ እነሱ ፍሬውን ቁርስ ይበሉታል። አንድ ወር ሙሉ መድኃኒት የታዘዘላቸው መስሎኝ ነበር።

ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዷ ሃጃ ናቸው፤ ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ብሎ በተሽከርካሪ ወንበር የሚውሉ አሮጊት፣ ፊደል ያልቆጠሩ። አረብኛ አንቱ የለውም፤ ሃጃን አንቺ ማለት አሳፍሮኝ ስድስት ወር ያለ ስም አጠብኳቸው፣ አጎረስኳቸው። ሌላው ልጃቸው፣ አሠሪዬ ሳሚር ነው፤ አርባ አልፎታል፣ አላገባም፣ ዩኒቨርሲቲ ስለ ሰው ልጅ መብት ያስተምራል። እኔ ሚስተር እለዋለሁ። ደግ ሰው ነው። አልጮኸብኝም፣ ክፍሌ አልገባም፣ የበላሁትን አልቆጠረም። ፓስፖርቴን ግን የሃጃ ቁም ሳጥን ውስጥ ከወርቃቸው ጋር ቆለፈበት። "ለደህንነትሽ ነው" አለኝ። የመጀመሪያውን ዓመት ከወርቅ ጋር በመቀመጡ ኮርቼ ነበር።

ውሌ ሁለት ዓመት ነበር። ሁለቱ ዓመት አልቆ ስምንት ወር አለፈ። አገሬ መግባት ፈለግኩ፤ ለመግባት ደግሞ ፓስፖርቱ ያስፈልጋል። ሁለት ጊዜ ጠይቄያለሁ፤ ማለቴ አንድ ጊዜ በሩ ላይ ቆሜ ሳልኩ፣ ሁለተኛው ጊዜ "ሚስተር፣ ውሉ..." አልኩ። "ኢንሻላህ ከፈተና በኋላ" አለኝ። የሚፈተኑት ተማሪዎቹ ናቸው፤ ደግሞ ፈተናቸው አያልቅም።

ታዲያ በዚያው ሰሞን ሚስተር አዲስ ጌም ገዛ። የልጆች ጨዋታ አይምሰላችሁ። በትልቁ ቴሌቪዥን ላይ ነው፤ እሱ ጆይስቲክ ይዞ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ፣ በሌላ ከተማ ካሉ ሁለት ጓደኞቹ ጋር እየተከራከረ ይጫወታል። ታሪኩ ይህ ነው፦ ምድር ተበላሽታ ሰዎች በመርከብ ወደ ሩቅ ዓለም ተሰደዋል። መሪያቸው ሚስተር ነው። መርከቡ ሲደርስ አንድ ድምፅ "ይህ ምድር ባዶ ነው" ይላል፤ ግን ከአፈሩ ሥር ትንንሽ ፍጥረቶች ይኖራሉ። ሚስተር ይህን ሲያይ ጌሙን አቁሞ "ባዶ ነው የሚለው ማን ነው? ማን ፈቀደለት?" ብሎ ለጓደኞቹ አንድ ሰዓት ተናገረ። እኔ መስታወት እየወለወልኩ አባቴን አሰብኩ። አንድ ጊዜ ካርታ ይዘው የመጡ ሰዎች ሽንኩርታችን መሐል ቆመው ካርታውን አሳዩት፤ እኛ ያለንበት ቦታ ነጭ ነበር። አባቴ ካርታውን አገላብጦ "ጀርባው ላይ ይሆን ያለነው?" አላቸው።

ከተማውን የሚሠሩት ሮቦቶች ናቸው። ይቆፍራሉ፣ ያበስላሉ፣ የታመመ ያገላብጣሉ። እያንዳንዱ ሮቦት የመውጫ በሩ ቁልፍ አለው፤ ቁልፎቹን ግን የከተማው ምክር ቤት ለደህንነታቸው ሰብስቦ ይዟል። አንድ ቀን አንዱ ሮቦት መጥቶ ሚስተር ፊት ቆመና "ቁልፌን ስጡኝ" አለ። የሚስተር ዓይን እንባ አቀረረ።

"ነፃነትን ቀምሶ የማያውቅ፣ ነፃነት ይናፍቀዋል ወይ?" አለ ለጓደኞቹ። "ደግሞ ብንለቀውስ፣ የአየር ማሽኑን ማን ይጠብቃል?"

"እግርህን አንሣ" አልኩት፤ ከሥሩ እየወለወልኩ ነበር።

አነሣ። እግሩን አንሥቶ ስለ ሮቦቱ ነፍስ መናገሩን ቀጠለ።

ይህ ክርክር ሦስት ሳምንት ፈጀ። በመጨረሻ ሚስተር ደከመውና ወደ እኔ ዞረ። "ለሊሴ፣ አንቺን መጽሐፍ አላበላሸሽም፤ ንጹሕ አእምሮ ነው ያለሽ። አንቺ ብትሆኚ ምን ትመርጫለሽ?" ቴሌቪዥኑ ላይ የተጻፈውን ተረጎመልኝ። አንደኛ፣ ቁልፉን ስጠው። ሁለተኛ፣ ለከተማው ደህንነት ከልክለው። ሦስተኛ፣ ምክር ቤቱ አጥንቶ እስኪጨርስ ይጠብቅ። ሦስተኛውን በደንብ አውቀዋለሁ።

"እኛ አገር ቢሆን ሮቦቱ ራሱ አይመጣም" አልኩ። "ሽማግሌ ይልካል።"

"ለምን?"

"ራሱ ከመጣ እምቢ ማለት ቀላል ነው። ሽማግሌ ሲመጣ ግን ባለቤቱ ያፍራል። መልስ ሳያገኙ የቀረበላቸውን አይቀምሱም።"

ሚስተር ከመቀመጫው ተነሣ። "ሰማችሁ?" አለ ለጓደኞቹ። "ስድስተኛ ክፍል ናት። መንግሥትም ፍርድ ቤትም የማያስፈልገው ሥርዓት ነው የምትነግራችሁ።" በሳምንቱ ለተማሪዎቹም አስተማርኩት አለኝ። ጌሙ ውስጥ ግን ሽማግሌ የሚባል ምርጫ ስላልነበረ ሦስተኛውን ተጫነ።

እኔ ለሮቦቱ የመከርኩት ምክር ለራሴ የታየኝ ከሁለት ቀን በኋላ፣ ጣሪያ ላይ ልብስ ሳሰጣ ነው። ሦስተኛ ፎቅ የሚሠሩት እትዬ ዘነበች የሰበታ ሰው ናቸው፤ አማን ከመጡ ብዙ ዘመናቸው ነው። አንሶላው መሐል ተደብቄ ነገርኳቸው።

"አንቺ ልጅ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ ምን ጠበቅሽ?" አሉኝ።

"አፍሬ ነው።"

"እሱ ነው ማፈር ያለበት። በይ የልብስ መቆንጠጫውን አቀብይኝ። ዓርብ ከሶላት በኋላ እንመጣለን።"

መጡም። እትዬ ዘነበች ነጠላ ለብሰዋል። የሕንፃው ጠባቂ ግብፃዊው አሙ ሰይድ ጀለቢያውን አስተኩሷል። ሦስተኛው የሰፈራችን የመድኃኒት ቤት ባለቤት ሽማግሌው አቡ ካሊል ናቸው። ሚስተር ደስ ብሎት ሶፋ ላይ አስቀመጣቸው። እኔ በሲኒ የነሱን መራራ ቡና አቀረብኩ። ሦስቱም ሲኒውን ተቀብለው ሳይቀምሱ ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

ጥግ ላይ በተሽከርካሪ ወንበራቸው የተቀመጡት ሃጃ ይህን ሲያዩ ሻሻቸውን አስተካከሉ። እኔ ያላወቅኩት ነገር፣ በእነሱ አገርም ሽማግሌ ቡናውን ሳይቀምስ ካስቀመጠ ትልቅ ጥያቄ ይዞ መጥቷል ማለት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ደግሞ ጥያቄው የጋብቻ ነው። ሃጃ አሙ ሰይድን አዩት፤ ጀለቢያውን አዩ፤ እኔን አዩኝ፤ ፊታቸው በራ።

"ቡናችሁን ጠጡ" አሉ። "የመጣችሁበት ተሰጥቷችኋል።"

እትዬ ዘነበች ሲኒውን በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት። ሁለቱም ተከተሏቸው።

"ምንድን ነው የተሰጠው?" አለ ሚስተር።

"የለሊሴ ፓስፖርት" አሉ እትዬ ዘነበች አፋቸውን እየጠረጉ።

"የምን ፓስፖርት?" አሉ ሃጃ። "ለሰይድ ልትጠይቋት አይደለም እንዴ?"

አሙ ሰይድ ትን አለው። "እኔን ሃጃ? ሚስቴ ግብፅ ሆና ይህን ብትሰማ በእግሯ ትመጣለች።"

ሚስተር እጁን አነሣ፤ ሲያስተምርም እንደዚያ ይመስለኛል። "ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። ኃላፊነት አለብን፤ የደህንነት ጥያቄ አለ፤ ደግሞ ነፃነት ሲባል..."

"ሳሚር" አሉ ሃጃ። "ቡናው ተጠጥቷል።"

"እማ፣ አንቺ እኮ የተስማማሽው በሌላ ነገር ነው።"

"አፌ የተስማማው በመጡበት ነው። ልጅቷ ራሷ አስቀምጡልኝ ያለች መስሎኝ ነበር። ውሰድ፣ ቁልፉን ከአንገቴ ፍታ።"

ፈታ። ፓስፖርቴን ከወርቁ ሥር አውጥቶ ሰጠኝ። ፎቶዬን አየሁት፤ የደነገጠች ልጅ ናት። አቡ ካሊል ከመጡ ጀምሮ አንድ ቃል አልተናገሩም፤ ሲወጡ ግን ሁለተኛ ቡና ጠይቀው ጠጡ።

ሚስተር አልተቆጣም። ማታውን ማስታወሻ ደብተር ይዞ ወጥ ቤት መጣ። "አሁን ምን ይሰማሻል? በዝርዝር ንገሪኝ፤ ለትምህርቱ ይጠቅመኛል።"

"ሩዙ ሊያር ነው" አልኩት።

"እናቴን ማን ያገላብጣታል?" አለ፤ ይህን ሲል ደብተሩን አጥፎ ነበር፤ ድምፁም የአስተማሪ አልነበረም። "እህት አለሽ?"

እህት አለኝ። ጫልቱ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ከእኔ ይልቅ ደፋር ናት፣ ሰበታ አበባ እርሻ ትሠራለች።

"የለኝም" አልኩ። በዚያ ቤት የዋሸሁት የመጀመሪያው ውሸት ነው።

እሑድ ወደ ቤት ደወልኩ። እናቴ አነሣችና በኦሮምኛ እንዴት ነሽ ልጄ አለችኝ።

"አካም ጅርታ፣ ኢንተላ ኮ?"

"ደህና ነኝ እማዬ። ልመጣ ነው።"

"ምነው፣ ምን አደረግሽ? ተጣላሽ?"

"አልተጣላሁም። ውሉ አልቋል፤ ፓስፖርቴም እጄ ላይ ነው።"

"እጅሽ ላይ ካልሆነ የት ሊሆን ኖሯል?" አለች፤ ከዚያ ገብቷት ነው መሰል እልል ማለት ጀመረች። እንኳን ደስ ያለሽ የሚሉ የጎረቤት ድምፆች መጡ። ከመካከላቸው የጫልቱን ለየሁት፤ ለእናቴ ቶሎ ቶሎ የሆነ ነገር ትነግራታለች።

"ምን ትላለች?" አልኩ።

"ቦታሽ ክፍት ሊሆን ነው ወይ፣ ጠይቂልኝ ትላለች። ሰዎቹ ደጎች ናቸው ብለሽን የለ?"

ብዬ ነበር። በደወልኩ ቁጥር ብዬ ነበር፤ እውነቴንም ነው።

"እማዬ፣ አይሰማኝም" አልኩ። "መስመሩ እየተቆራረጠ ነው።"

መስመሩ ጥርት ያለ ነበር። ጫልቱ ስልኩን ከእናቴ እጅ ስትቀበል፣ ከልብሷ ጋር ሲፋተግ እንኳ ይሰማኝ ነበር።

"ለሊ፣ እኔ ነኝ" አለች። "ይሰማሻል?"