ቡናማ ቀሚስ የሚለበስበት አገር

ባለቤቴን ይመኙሻልን ያገባኋት በ1944 ዓ.ም. ነው። ያኔ የተወለደችበትን አገር አታውቅም ነበር። ያደገችው በደብረ ብርሃን አጠገብ ባለች አንዲት ደብር፣ በመሪጌታ ወልደአረጋይ ቤት ነው። እኔ ደግሞ እህልና የበግ ጠጉር በአህያ እየጫንኩ ከገበያ ገበያ የምዞር ነጋዴ ነበርኩ።

እናቴ ጋብቻውን አልወደደችውም። «ሰባት ቤት የማይቆጠርላት ሴት አምጥተህ ለዘመድ ምን ልበል? ከሰማይ ወረደች ልበል?» አለችኝ።

«ከመሪጌታ ቤት ወጣች በይ» ብዬ መለስኩላት። እናቴ ግን አልተቀበለችውም።

መሪጌታ ልጅቷን ያገኟት በጠላት ዘመን፣ በ1930 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ነበር። መንደሩ የተቃጠለበት ሕዝብ ከቆላ እየሸሸ በአንኮበር ዳገት ላይ ሲተራመስ፣ ከአንድ ጥድ ሥር ብቻዋን ቆማ አዩዋት። ዕድሜዋ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። የሚያልፈው ሁሉ የሌላ ሰው ልጅ እየመሰለችው አልፏታል። «የማን ልጅ ነሽ?» ቢሏት አልመለሰችም። በበቅሏቸው አፈናጠው ወደ ቤታቸው አመጧት። ባለቤታቸው ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ ልጅ አልነበራቸውምና ይመኙሻል ብለው ስም አወጡላት። አፏን የፈታችው መስቀል ካለፈ በኋላ ነው። ያኔ ግን የራሷም ስም፣ የመንደሯም ስም ጠፍቶባት ነበር።

ያልጠፋባት የእናቷ ልብስ ብቻ ነው። እናቷ ነጭ አትለብስም ነበር። ቀሚሷ እንደ ክረምት ወንዝ የደፈረሰ ቡናማ ነው። በወገቧም ላይ በመቀነት ፈንታ ገመድ ነበር። «እናቴ ብቻ አይደለችም» ትላለች ይመኙሻል፤ «ጎረቤቶቻችንም እንደዚያው ነበሩ። አገሩ በሙሉ ቡናማ ነበር።»

በ1946 ዓ.ም. የመጀመሪያ ልጃችን ወለተሐና ተወለደች። በእኛ አገር ልማድ የመጀመሪያ ልጅ ሲወለድ የሴቲቱ እናት ናት መጥታ የምታርሳት። ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ በዚያ ጊዜ አርፈዋል። ይመኙሻል በምጡ መካከል «እቴቴ! እቴቴ!» እያለች ስትጣራ ሰማኋት። የምትጠራው ማንን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ከአራስ ቤት ሳትወጣ ግን ራሷ ጠራችኝ።

«አንተ አገር ለአገር ትዞራለህ፤ እህሉን ታያለህ፣ አህያውን ታያለህ። ከዛሬ ጀምሮ ሴቶቹን እይልኝ» አለችኝ።

«ምን አልሽ?»

«ልብሳቸውን ነው የምልህ። እናቶቹ ቡናማ ለብሰው ገመድ ታጥቀው የሚገበዩበትን ገበያ ካገኘህ፣ አገሬ እሱ ነው።»

ሐሳቧ ልክ መሰለኝ። በዚያ ዘመን በእኛ አውራጃ አንዲት እናት ከየት እንደመጣች አፏን ሳትከፍት ከልብሷ ይታወቅ ነበር። የደብረ ብርሃን ዙሪያ ውርጭ ነውና እናቶቹ ወፍራም ቀሚስ ለብሰው ከላዩ የበግ ጠጉር ባና ይደርባሉ። መቀነታቸው ሰፊ ነው፤ ከዳሌ ጀምረው እስከ ጡት ሥር ይጠመጥሙታል። ልጅ የሚያዝሉት በቆዳ አንቀልባ ነው። ወደ ሰላ ድንጋይ ስትሄድ ባናው እየጠቆረ፣ ቀሚሱ እየረዘመ ይመጣል፤ ከኋላ ላያት እግር ያላት አትመስልም። ጫጫ የመኪና መንገድ ስለሚያልፍባት እናቶቿ ከሁሉ ቀድመው በስፌት መኪና የተሰፋ አቡጀዲ ለበሱ፤ አጠር ያለ ነው፣ ራሳቸው ላይም ባለ አበባ ሻሽ ያስራሉ። የለሚ እናቶች ነጠላቸውን በግራ ትከሻ ቋጥረው ቀኝ እጃቸውን ለሥራ ይተዉታል። የአንኮበር ከተማ ሴት ድሀም ብትሆን በእጅጌዋ ጫፍ ላይ ጥልፍ አይታጣም። ከአንኮበር ወደ ታች ስትወርድ ደግሞ ልብሱ ይሳሳል፤ ባናው ይቀራል፣ አንቀልባው ይቀራል፣ ልጅ በነጠላ ይታዘላል። የእስላም እናቶችም ደማቅ ሻሻቸውን እስከ ትከሻ ይለቁታል።

እኔ ያኔ ፊደል አልቆጠርኩም ነበርና ይህን ሁሉ እንደ ዳዊት በቃሌ ይዤ ነበር የምመለሰው። ጭነት ሳላወርድ ትጠይቀኛለች።

«ቡናማ?»

«የለም።»

«ገመድስ?»

«አህዮቹ ላይ ብቻ።»

አንዳንድ ቀን ትስቃለች፤ አንዳንድ ቀን ፊቷን አዙራ ወደ ጓዳ ትገባለች።

ወንድ ልጅ በገበያ ቆሞ የሴት ወገብ ሲያይ ምን እንደሚደርስበት ሰላ ድንጋይ ላይ ተማርኩ። አንዲት ቅቤ ሻጭ መቀነቷ ጠበብ ያለ፣ የተገመደ መስሎኝ ቆሜ አየኋት።

«አንተ ሰውዬ፣ ቅቤው እዚህ ነው ያለው፤ ወገቤ ላይ ምን አለ?» አለች ጮኻ።

«መቀነትሽን ነው የማየው፣ እህቴ።»

«ስሙት እናንተዬ! መቀነቴን ሊያስፈታኝ ነው!»

ሴቶቹ በሳቅ ወደቁ። ባሏ ከፍየል ተራ ዱላውን ይዞ መጣ። ነገሩን ከሥሩ አጫወትኩት። ሰምቶኝ ሲጨርስ ዱላውን ተደገፈበትና ራሱን ነቀነቀ። «ሠላሳ ዓመት እዚህ ገበያ ቆሜያለሁ፤ ገመድ የታጠቀች እናት አላየሁም። መነኩሲት እንዳትሆን?»

«መነኩሲት ትወልዳለች እንዴ?» አለች ሚስቱ። ከዚያ ወዲያ በዚያ ገበያ ስሜ «መቀነት» ሆኖ ቀረ።

እንዲህ እያልን አምስት ዓመት ሞላን። ይመኙሻል መጠየቋን አልተወችም፤ ድምፅዋ ግን እየቀነሰ ሄደ። አንድ ቀን «ምናልባት ሕልም ይሆን ያየሁት?» አለችኝ። እሷ ራሷን መጠራጠር ስትጀምር እኔም ፈራሁ።

በ1951 ዓ.ም. ጥር ላይ አንኮበር ገበያ የበግ ጠጉር እሸጥ ነበር። ከፊቴ አንዲት አሮጊት ከልጃቸው ጋር ቆመው ጠጉሩን ይመርጣሉ። ስማቸው ወይዘሮ በሰለች እንደሆነ ኋላ አወቅኩ። ልጅቱ ሕፃን በነጠላ አዝላለች፤ እኔም እንደ ልማዴ ዓይኔን ወደ ቀሚሷ ላክሁት።

«ጠጉር ትሸጣለህ ወይስ ልጄን ታያለህ?» አሉኝ አሮጊቷ።

«ይቅር ይበሉኝ እሜቴ፤ የሚስቴን አገር እየፈለግሁ ነው» አልኳቸውና ቡናማውንም ገመዱንም ነገርኳቸው። በእጃቸው የያዙትን ጠጉር መልሰው አስቀመጡት።

«ቡናማው እንደ ደፈረሰ ወንዝ ነው አልክ? ገመዱስ የቃጫ ነው?»

«የምን እንደሆነ አታውቅም። ሕፃን ነበረች።»

«አንተ ሞኝ!» አሉ። «አምስት ዓመት ሙሉ አገር ስትፈልግ ኖርክ? ይህ እኮ አገር አይደለም፤ ሐዘን ነው። እናንተ ደገኞች ልብሳችሁን ጥቁር ትነክራላችሁ። እኛ የግራር በር ቆለኞች የግራር ቅርፊት ቀቅለን ነጩን ቀሚስ እንነክርበታለን፤ መቀነታችንን ፈትተን ገመድ እንታጠቃለን። በጠላት ጊዜ፣ መንደራችን በተቃጠለበት ዓመት፣ ባሏ ወይ ወንድሟ ያልሞተባት ሴት በመንደራችን አልነበረችም። እኔም ለብሼዋለሁ።»

«ታዲያ በስንቱ ገበያ ስዞር አንዲት እንኳ እንዴት አላየሁም?»

«ሐዘንተኛ ገበያ ይወጣል? ያ ልብስ ላይዋ ላይ እያለ ገበያ የረገጠች የግራር በር ሴት የለችም። ውኃ እንኳ የምትቀዳው ሰው ሳይበዛ ነው።»

አምስት ዓመት ሙሉ የፈለግሁት ፈጽሞ በማይገኝበት ቦታ ነበር። ደግሞም ሐዘን ከሆነ ሁሉም በጊዜው ጥለውታል፤ ምን ይዤ ልፈልግ? ይህንኑ ነገርኳቸው።

«ሁላችንም በዓመቱ ተዝካር አውጥተን ጥለነዋል» አሉ ወይዘሮ በሰለች፤ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «አንዲት ብቻ ቀረች፤ ይርጋለም። የባሏን ተዝካር አወጣች። በሽሽቱ የጠፋች ልጇን ግን፣ መቃብሯን ሳላይ ተዝካር አላወጣም፣ ተዝካር ሳላወጣ ልብሱን አልጥልም አለች። አንዱ ሲያልቅ ሌላ ነክራ ትለብሳለች። ይኸው ሃያ ዓመት አለፋት፤ ጨው እንኳ የሚገዛላት ጎረቤት ነው።»

የቀረኝን ጠጉር ለሌላ ነጋዴ አስረክቤ በዚያው ቀን ወደ ቤቴ ዳገቱን ያዝኩ። ይመኙሻል ትፈነድቃለች ብዬ ነበር። ሰምታኝ ስትጨርስ ግን ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች።

«አልሄድም» አለች።

«ምን ሆንሽ? አምስት ዓመት ያስፈለግሽኝ አንቺ አይደለሽም?»

«እሷ ብትሆንስ? ምን እላታለሁ?»

ነገሩ አልገባኝም። ሁለት ቀን ሙሉ እንዲሁ ቆየች። በሦስተኛው ቀን ራሷ ተነሥታ አዲስ ወፍራም ቀሚስ በእራፊ ጠቀለለች፤ ወለተሐናንም አጠበቻት። ሦስታችን አህዮቹን እየነዳን ወረድን። አንኮበር ላይ ወይዘሮ በሰለች ተቀላቀሉን።

ግራር በር የደረስነው ከቀትር በኋላ ነው። ወይዘሮ ይርጋለም ደጃቸው ላይ ጎንበስ ብለው አጥር ይጠግኑ ነበር። ቀሚሳቸው ልክ እንደተባለው ነው፤ ገመዱም አለ። ይመኙሻል እጄን ያዘችኝ።

«ይርጋለም፣ እንግዳ አምጥቼልሻለሁ» አሉ ወይዘሮ በሰለች።

ቀና አሉ። እኔን አላዩኝም፤ ሚስቴንም አላዩአትም። ዓይናቸው በቀጥታ ወደ ወለተሐና ሄደ። የአምስት ዓመት ልጅ ናት፤ ሃያ ዓመት ሲጠብቋት የኖሩትም የአምስት ዓመት ልጅ ነበረች። ሕፃኗ ደንግጣ ከእናቷ ኋላ ተሸሸገች። ያን ጊዜ ነው ዓይናቸውን ወደ እናቲቱ ያነሡት። ብዙ አይተዋት፣

«ገመዱን ይዘሽ ነበር» አሉ። «የወገቤን ገመድ ጫፍ አስይዤሽ ነበር። ወንዙን ተሻግሬ ዞር ብል ጫፉ ባዶ ነው።»

«እጄን ልጦኝ ነው» አለች ይመኙሻል። «አመመኝና ለቀቅሁት። አትለቂ ብለሽኝ ነበር፤ ለቀቅሁት።»

ሰባት ዓመት አብረን ስንኖር ይህን ለእኔ ነግራኝ አታውቅም። ለምን አልሄድም እንዳለች ያኔ ገባኝ።

«አንቺ ምን ታደርጊ?» አሉ አማቴ። «ሕፃን ገመድ ይለቃል። ማዘል ሲገባኝ ያስያዝኩሽ እኔ ነኝ። ታናሽሽን አዝዬ ነበርና ሁለት አልቻልኩም። እሱም በዚያው ክረምት ሞተ። ንጋቷ፣ ነይ ወደ ቤት ግቢ፤ ፀሐይ ነው።»

ንጋቷ የልጅነት ስሟ ነው። እኔ ለምጄዋለሁና ይመኙሻል ማለቴን አልተውኩም፤ በሁለቱም ትጠራለች።

ልብሱን የመጣሉ ነገር ለመንደሩ ጉዳይ ሆነ። ገሚሱ ያለ ተዝካር አይጣልም አለ። የደብሩን ቄስ አባ ገብረመንፈስቅዱስን አስጠሩ። እሳቸውም ሚስቴን ከላይ እስከ ታች አይተው፣ «ቆማ ለምታወራ ተዝካር ልታወጡላት ነው? ጣይው፣ ይርጋለም» ብለው በዚያው ወደ ማሳቸው ሄዱ። የአማቴ ወንድምም ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ሰባቱን ቤት በእናትም በአባትም ቆጠረልኝ። ለእናቴ እንድነግር ሁለት ጊዜ አስደገምኩት።

ይመኙሻል ያመጣችውን ቀሚስ ስትፈታ አማቴ በእጃቸው መዘኑት። «ይህን ለብሼ እዚህ ቆላ ልቀቀል? የብርድ አገር እናቶች ይህን ሁሉ ተሸክማችሁ እንዴት ትሠራላችሁ?» ወይዘሮ በሰለች ሳቁ፤ ከቤታቸው ሳሳ ያለ ነጭ ቀሚስ አስመጡላቸው። መቀነቱን ያስታጠቀቻቸው ሚስቴ ናት። እንደ ደብረ ብርሃን አድርጋ እስከ ጡታቸው ሥር ብትጠመጥመው፣ «እንዲህ አይደለም፣ ትንፋሽ ያሳጣል» ብለው ራሳቸው ፈትተው ሁለት ዙር ብቻ ታጠቁት።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ከእኛ ጋር አንኮበር ወጡ። የሚያውቋቸው ሁሉ እየመጡ ይስሟቸዋል፤ አንዳንዶቹም ያለቅሳሉ። እሳቸው ግን የሚሰማቸው አልመሰለኝም። በርበሬ ተራ ሄደው አንዱን ዛላ አነሡ፣ በጣታቸው ሰብረው አሸተቱት።

«ይህ በርበሬ አልደረቀም» አሉ ሻጩን።

«እሜቴ፣ ሦስት ሳምንት ፀሐይ ላይ የዋለ ነው!»

«የት ያለ ፀሐይ? አልደረቀም አልኩህ። የደረቀውን አምጣ።»

ሰውዬው እየተነጫነጨ ከጆንያው ሥር ሌላ አወጣ። አማቴ ያንንም ሰበሩት። ይመኙሻል ከጎናቸው ቆማ ነጠላቸውን ይዛላቸው ነበር፤ እኔም አህዮቹን ለመጫን ወረድኩ።