ከዱባው መደብ አጠገብ ያለችው ድንጋይ

አማቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሰኔ ሲገባ ዱባ በተከልን ማግስት ከመደቡ አጠገብ ካለችው ድንጋይ ላይ ይቀመጡ ነበር። ከዶሮ የሚጠብቁ ይመስላል፤ የሚጠብቁት ግን ከእኔ ነበር። እኔ ዘር ከቀበርኩ በኋላ ዕረፍት የለኝም፤ በቅሎ እንደሆነ አፈሩን ጫር አድርጌ ካላየሁ አይሆንልኝም።

«አንቺ ልጅ፣ ከዶሮዋ በምን ተሻልሽ? እጅሽን ሰብስቢ» ይሉኛል።

«በስብሶ ቢሆንስ፣ እማማ?»

«ከበሰበሰም መጫርሽ አያድነው። ይልቅ ሂጂ የጽጌረዳሽን አረም ንቀዪ።»

ዘንድሮ ዱባውንም ጎመኑንም ብቻዬን ተከልኩ። ልጄ ዐረብ አገር ናት፤ ከደወለች ሁለተኛ ሳምንቷን ያዘች። ትናንት ደጋግሜ ብደውል ስልኳ አልነሳ ሲለኝ፣ ጓሮ ወጥቼ መደቡን ጫርኩት። ዱባው ነጭ ቡቃያ አውጥቶ ነበር፤ ጣቴ ላይ ተቀነጠሰ።

ሌላ ፍሬ መልሼ ቀበርኩና ዛሬ ድንጋይዋ ላይ እኔ ተቀምጫለሁ። ስልኩን ኪሴ ከትቼ፣ እጄን ጭኔ ሥር አድርጌ፣ «እጅሽን ሰብስቢ» እላለሁ ለራሴ። እማማ፣ ከእኔ አፍ ሲወጣ ግን እጄ አይሰማም።