የእትዬ ብርቄ ጋን

ጣሳው ሲከፈት ሽታው ሳሎኑን ሞላው፣ እኔም ተናደድኩ። ያለሁት ሰመራ፣ ልጄ ቤት ነው። ባሏ ከአዲስ አበባ ያስመጣውን ካርቶን ወለሉ ላይ ዘርግፎታል፤ ከታች ቧንቧ ያለው የፕላስቲክ ባልዲ፣ የሙቀት መለኪያ፣ አንድ ፓኬት እርሾ፣ እንደ ማር የወፈረ የብቅል ጭማቂ የያዘ ጣሳ። ቢራ እቤቱ ሊጠምቅ ነው። "አባባ፣ ይሄ ለጀማሪ የተሠራ ነው፣ ማንም ይችላል" አለኝ። ለኔ ነው እንዲህ የሚለው።

በአዋሽ እንዲህ ያለውን ዕቃ ቀድሞ የከፈተው ማን ሆነና። ደርግ በወደቀ በሁለት በሦስት ዓመቱ፣ ሠላሳ ሳይሞላኝ፣ አዋሽ ላይ የኔን ያህል ፍሪጅ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ጅቡቲ ደርሶ የሚመለስ ሾፌር፣ ድንበሩ ላይ ገላፊን አልፎ፣ ሚሌ ላይ ምሳውን በልቶ፣ አቧራውን እንደለበሰ አዋሽ ሲገባ የሚጠጣው ቀዝቃዛ ነገር ሁሉ የቀዘቀዘው በኔ እጅ በተጠገነ ሞተር ነው። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የቆጠርኩት በሱቅ ታፔላ፣ እንግሊዝኛ የለመድኩት በፍሪጅ ጀርባ ላይ ከተለጠፈ ወረቀት ነው። ማን አስተማረህ ሲሉኝ "ማንም" እላለሁ፤ ይህችን ቃል ዕድሜዬን ሙሉ እንደ ኒሻን ደረቴ ላይ ሰክቻት ኖሬያለሁ።

የቢራ መጥመቂያውን ዕቃ ያመጣልኝ አንድ ሾፌር ወዳጄ ነው፤ ጅቡቲ ላይ አንድ አገሩ የሚመለስ ፈረንጅ ጥሎት የሄደውን። ባልዲው፣ ጣሳው፣ እርሾው፣ ቆርኪ መግጠሚያው፣ ሁሉም ነበረው፤ የአሠራሩ ወረቀት ግን በፈረንሳይኛ ነበር። ሥዕሉ በቂዬ ነው ብዬ ኪሴ ከተትኩት።

ጎረቤቴ እትዬ ብርቄ በባቡር ጣቢያው ሰፈር ጠላ ይሸጡ ነበር። በወጣትነታቸው የባቡር ጣቢያው ቡፌ ውስጥ ፈረንሳዮችን ሲያስተናግዱ ኖረው ቋንቋውን እስከ ጽሕፈቱ ያውቁታል፤ ሰፈሩ ግን የሚያውቃቸው በጠላቸው ነው። በአዋሽ ሙቀት፣ ጥላ ሥር ሰው እንደ ቅቤ በሚቀልጥበት ሰዓት፣ የሳቸው የጭቃ ጓዳ ብቻ ቀዝቀዝ ይል ነበር። እዚያ ጓዳ ውስጥ ከእናታቸው የወረሱት፣ ከሐረርጌ በባቡር ጭነው ያመጡት ትልቅ ጋን ተቀምጧል። ያ ጋን ስንት ዘመን በወይራ እንደታጠነ እሳቸውም አያውቁትም፤ ባዶውን እንኳ አፍህን አስጠግተህ ብትተነፍስ ጠላ ጠላ ይልሃል። ለታኅሣሥ ገብርኤል ማኅበሩ የሚወጣው እሳቸው ቤት ነበርና ድፍድፋቸው በጋኑ ተደፍድፏል። እኔ ደግሞ ማኅበርተኛው ዘንድሮ ቢራዬን ይጠጣል ብዬ ለሰፈሩ ሁሉ አውርቻለሁ። ቢራው ቀዝቃዛ ቦታ ይፈልጋልና ስለምናቸው፣ እትዬ ብርቄ ሳያቅማሙ የጓዳቸውን ቁልፍ ሰጡኝ።

ሥራውን የጀመርኩት እንደ ወግ ነው፤ ዕቃ ሳይታጠን መጠጥ አይጠመቅበትምና ወይራ አጭሼ ባልዲውን ደፋሁበት። ፕላስቲክ መሆኑ ትዝ ያለኝ ከንፈሩ እንደ ዝሆን ጆሮ ተጠቅልሎ ሳየው ነው። ጭማቂውን ከውኃና ከእርሾው ጋር ከበጠበጥኩበት በኋላ ክዳኑ አልገጥም ሲለኝ ዙሪያውን በጭቃ መረግሁት። እትዬ ብርቄ ይህን አይተው በርጩማቸው ላይ እስኪንፈራፈሩ ሳቁ፣ እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉና "አምጣ እስቲ ወረቀቱን፣ ላንብብልህ" አሉኝ። ያ ሳቅ አንገበገበኝ። ይሄ እኮ ጠላ አይደለም ብዬ እምቢ አልኳቸው። ወረቀቱን ኪሴ ውስጥ እንዳለ በእጄ ጨብጬው እንደነበር እስካሁን ይታወሰኛል።

በአራተኛው ቀን ከየሆቴሉ በለቀምኩት ባዶ ጠርሙስ ቀዳሁት። ሥዕሉ ላይ ስኳር ጠርሙስ ውስጥ ሲጨመር ይታያል፤ ስንት እንደሆነ ግን ሥዕል አይናገርም። ሞቅ የሚያደርግ ይሁን ብዬ በየጠርሙሱ እፍኝ እፍኝ ጨመርኩ፣ ቆርኪውን ገጠምኩ፣ ከጋኑ በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ ደረደርኩት። ከጋኑ በላይ።

የገብርኤል ዕለት ማኅበርተኛው ግቢው ውስጥ ዳቦ እየተቆረሰለት ሳለ ጓዳው ፈነዳ። አንዱ ጠርሙስ ሌላውን እያስነሳ፣ መደርደሪያው ከነጭነቱ ጋኑ ላይ ወረደ። ስንገባ ጠላውና ቢራው አንድ ላይ እየፈሰሰ፣ ጋኑ ተሰባብሮ ነበር። ስሯሯጥ ወረቀቱ ከኪሴ ወድቋል። እትዬ ብርቄ ከእርጥቡ መሬት አንስተው፣ ከዓይናቸው አርቀው አነበቡትና፣ ድምፃቸውን እንኳ ሳያነሱ "አንድ የሻይ ማንኪያ ነው የሚለው። ያንብቡልኝ ብትለኝ ምን ነበረበት፣ ልጄ?" አሉኝ።

ማኅበርተኛው ሁሉ ያየኛል። "ጓዳሽ ነው ያፈነዳው" አልኩ። "ጠላ ሻጭ ስለ ቢራ ምን ታውቂያለሽ?"

እትዬ ብርቄ ገሉን አንድ በአንድ ለቅመው በነጠላቸው ቋጠሩት። ከዚያ ወዲያ በሌላ ጋን ጠምቀው ነበር፣ የቀመሰ ሁሉ ግን ግማሹን ትቶ ይነሳ ነበር። በዓመቱ ቤቱን ሸጠው አሳይታ ወንድማቸው ዘንድ ሄዱ። እኔም አሳይታ ፍሪጅ ልጠግን ስንት ጊዜ ተመላልሻለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ ቤታቸው የት ነው ብዬ ሳልጠይቅ፣ ዕቃዬን ጠቅልዬ፣ አንገቴን ቀና አድርጌ እመለስ ነበር። አንድ ቀን ማረፋቸውን እንደ ተራ ወሬ ነገሩኝ። ያ ጓዳ ዛሬ የከባድ መኪና ማቆሚያ ነው፤ ዘይት የጠጣ አሸዋ። ይህን ሁሉ ሳስብ የምናደድበት ሰው አጥቼ አላውቅም፤ ሾፌሩ አለ፣ ፈረንጁ አለ፣ ሙቀቱ አለ። ንዴቴ ግን ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው ወረቀቱን ጨብጦ የያዘው እጅ ላይ ነው።

የልጄ ባል ጣሳውን አስቀምጦ ወረቀቱን ማገላበጥ ጀመረ። ለአንድ ጠርሙስ ስኳሩ ስንት ይሆን ሲል ሰማሁት።

"አንድ የሻይ ማንኪያ" አልኩ፣ ወረቀቱን ሳላይ።

አገላብጦ አገኘውና ቀና ብሎ አየኝ። "ማን አስተማረዎት አባባ?"

ልጄ ከኩሽና ሆና ሳቀች። "'ማንም' ነው የሚሉህ፣ ምን ትጠይቃለህ" አለችው።

"እትዬ ብርቄ" አልኩ።

ሳቋ ቆመ። ይህን ስም ከኔ አፍ ሰምታው አታውቅም፤ እጇን እያደረቀች ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። እኔ ማንበብ አቅቶኝ አይደለም፣ የአሁኑ ወረቀት በእንግሊዝኛ ነው፣ ያን ቋንቋ ደግሞ ማንም ሳያስተምረኝ ነው የለመድኩት። ግን ወንበሬን ወደ ባልዲው አስጠጋሁና "ከመጀመሪያው ጀምረህ አንብብልኝ" አልኩት፣ "ቀስ ብለህ።"